ያልተንቀጠቀጠችው ነጥብ

ሐምሌ ድሬዳዋ ላይ ሰው የሚፈትን ወር ነው። በዚያ ወር ሰርካዲስ ከምትሠራበት የራጅ ክፍል ይልቅ ደጁ ይሻላል፤ ከደጁ ደግሞ የትም ይሻላል። ክፍሉ ቆርቆሮ ጣራና ወደ ምዕራብ የዞረ አንድ መስኮት ነበረው። ከጎኑ ፊልም የሚታጠብባት ጠባብ ጨለማ ክፍል አለች፤ እዚያ ገብቶ በሩን የዘጋ ሰው ሸሚዙን ጨምቆ ነው የሚወጣው። ሰርካዲስ ሙያውን አዲስ አበባ ተምራ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ከወረደች ወዲህ እዚያው አግብታ፣ እዚያው ወልዳ፣ በዚያችው ጨለማ ክፍል ሁለት መንግሥት አሳልፋለች። ሥራዋን ታውቃለች፤ ማወቋንም ታውቃለች።

ዶክተር ማዘንጊያን ያወቀቻቸው በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ነው። ለቁስለኞቹ ተብለው ለጥቂት ወር የተላኩ የጎጃም ሰው፣ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ጦርነቱ ሲያበቃ አልተመለሱም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። የከተማውን ሰው የሚያስቅ አንድ ጠባይ ነበራቸው፤ ዘበኛውንም፣ ጋሪ ነጂውንም፣ ወለል የምታጥበውንም «እርስዎ» ነው የሚሉት። ድሬዳዋ ደግሞ ሁሉንም «አንተ» የምትል ከተማ ናት። ሰርካዲስ ግን አትስቅም ነበር። እሳቸው «ወይዘሮ ሰርካዲስ፣ እንዴት ዋሉ?» ሲሏት ሳታስበው ቀጥ ብላ ትቆማለች።

በ1972 ዓ.ም. በዚያው በሐምሌ፣ አንድ ጠዋት ቱሪያ የምትባል የቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ነጋዴ ባሏን በጋሪ ጭና ሆስፒታሉ በር ላይ ደረሰች። ባሏ ሞሐሙድ ነው። ሞሐሙድን በከተማው ውስጥ የጭነት መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ሌላው መካኒክ ሲፈታና ሲገጥም ውሎ መላ ሲያጣ እሱ ይጠራል። መጥቶ መፍቻ አያነሳም። ሞተሩን ያስነሱለትና ዓይኑን ጨፍኖ፣ እስትንፋሱን ይዞ ያዳምጣል። ከዚያ «እዚህ ጋ ነው» ይላል፤ ሲከፈት እዚያው ነው።

ይኸው ሰው በዚያ ሰሞን እንቅልፋም ሆነ። ጋራዡ ውስጥ ሞተር ላይ እንደተደፋ ያንቀላፋል። ሠራተኛው ለውይይት ሲሰበሰብ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንኮራፋል። አንድ ቀን ብሎን ሳያጠብቅ ትቶ እህል የጫነ መኪና መንገድ ላይ ቆሞ አደረ። የጋራዡ የሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ «ይህ ስንፍና አይደለም፣ ጓዶች። አሻጥር ነው» አለ። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ሰው ላይ ከወደቀች ወዴት እንደምታደርሰው ሁሉም ያውቃል። ቱሪያ የሰማች ዕለት ሽንኩርቷን ለጎረቤት ትታ ጋሪ ጠራች።

«አንተ ዶክተር፣ ባሌ ሰነፍ አይደለም» አለች፣ ዶክተር ማዘንጊያ ፊት እንደቀረበች። «ወላሂ፣ ይህ ሰው እሑድን እንኳ መቀመጥ የማይወድ ሰው ነው። አሁን እጄን ይዞ ስሜን ይረሳል።»

ዶክተሩ ሞሐሙድን አስተኝተው በትዕግሥት መረመሩት። ዓይኑን በባትሪ አዩ፤ እጁንና እግሩን አንስቶ እንዲገፋ ጠየቁት። ግራውም ቀኙም እኩል ዝሏል። የሚያመውን ሲጠይቁት «ራሴን» ይልና ወዲያው ያንቀላፋል።

«እመቤቴ፣ ራሱን የመታው ነገር ነበር?» ብለው ቱሪያን ጠየቁ።

ቱሪያ አሰበች። «ከረመዳን በፊት የመኪና ኮፈን ወድቆበት ነበር። ፊቱን ታጥቦ ወደ ሥራው ተመለሰ። እሱን ማን ቆጠረው?»

ዶክተር ማዘንጊያ ያን ሲሰሙ ራሳቸው ታካሚውን በተሽከርካሪ አልጋ እየገፉ ወደ ራጅ ክፍል መጡ። ሰርካዲስን ወደ ጎን ጠርተው ነገሯት። ከራስ ቅሉ ሥር ደም ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ አንጎሉን እየተጫነው ይመስላቸዋል። ከሆነ አጥንቱን በስተው ያወጡታል። ጥያቄው በየት በኩል እንደሆነ ነው።

«አዲስ አበባ ልላከው ብል በመንገድ ይሞትብኛል» አሉ። «ሁለቱንም ጎን ልብሳ ብል ሰውየው ደክሟል፤ ረጅም ቀዶ ጥገና አይችልም። አንዱን ጎን ማወቅ አለብኝ።»

«ደም በራጅ አይታይም፣ ዶክተር።»

«አይታይም። ያቺ እጢ ግን ልትታይ ትችላለች።»

ሰርካዲስ የቱን እንደሚሉ ገባት። በአንጎል መሐል ለመሐል ምስር የምታህል እጢ አለች። በአንዳንድ ሰው ላይ፣ ዕድሜ ሲገፋ፣ ኖራ ትይዝና በፊልም ላይ ነጭ ነጥብ ሆና ትወጣለች። ጤነኛ ሰው ላይ ልክ መሐል ናት። ደም በግራ ከተጫነ ወደ ቀኝ ትገፋለች፤ በቀኝ ከተጫነ ወደ ግራ። ትምህርት ቤት ሳለች ያስተማሯት ፈረንጅ በመጽሐፍ ላይ አሳይተዋታል እንጂ እሷ በገዛ ፊልሟ አይታት አታውቅም።

«በእኛ አገር ሰው ላይ ብዙ ጊዜ አትወጣም» አለች።

«አውቃለሁ። እስቲ እንሞክር።»

ፊልም በዚያን ጊዜ እንደ መድኃኒት የሚቆጠብ ነገር ነበር። ሰርካዲስ አንዱን ካሴት ውስጥ አስገባች፤ ካሴት የምትለው ፊልሙን ከብርሃን ጠብቆ ከታካሚው ራስ ሥር የሚተኛውን ጠፍጣፋ ሳጥን ነው። በግራ ጎኑ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ፊደል ለጠፈች፣ ግራና ቀኝ እንዳይምታታ። የመጀመሪያው ፊልም ሲወጣ ሞሐሙድ ተንቀሳቅሶ ኖሮ የራስ ቅሉ ሁሉ ጭጋግ መሰለ። በዚያው ካሴት ያነሳችው ሁለተኛው ተሻለ። ግራጫ ቢሆንም ቅርጹ ይታያል። ከመሐሉ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ብላ፣ አንዲት ነጭ ነጥብ ታበራለች።

ሰርካዲስ ፊልሙን ገና እየተንጠባጠበ በማያው መብራት ላይ ሰቀለችው። «ይኸው። ወደ ግራ ተገፍታለች። ደሙ በቀኝ ነው።»

ዶክተር ማዘንጊያ ወደ ፊልሙ ተጠጉ። የቀዶ ጥገናው ክፍል ነርስ ትእዛዝ ስትጠብቅ በር ላይ ቆማለች። ቱሪያም ከኋላዋ። እሳቸው ግን ፊልሙን ከጥግ እስከ ጥግ አዩ። «የመጀመሪያውን ፊልም ጥለውታል?» አሉ።

«አልጣልኩም፤ ግን የተበላሸ ነው።»

«ቢሆንም ያምጡልኝ።»

አመጣችው። ጎን ለጎን ሰቀሉት። የተበላሸው ፊልም ላይ አጥንቱ፣ ጥርሱ፣ የዓይኑ ጉድጓድ፣ ሁሉም ተንቀጥቅጦ እንደ ታጠበ ቀለም ተዘርግቷል። በዚያ ጭጋግ መሐል ያቺው ነጭ ነጥብ አለች። ጠርዟ በመቁረጫ የተቆረጠ ይመስል ጥርት ያለች ናት።

«ሰውየው ራሱን ሲነቀንቅ እሷ ለምን አልተንቀጠቀጠችም?» አሉ ዶክተሩ።

ሰርካዲስን በዚያ ሁሉ ሙቀት መሐል ብርድ ብርድ አላት። ሁለቱን ፊልሞች አወረደችና ጠርዝ ለጠርዝ፣ ማዕዘን ለማዕዘን አስተካክላ አንዱን በሌላው ላይ ደረበችና ወደ መብራቱ መለሰቻቸው። የራስ ቅሎቹ አልገጠሙም፤ አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ዞሯል። ነጥቦቹ ግን አንድ ላይ ገጥመው አንድ ሆኑ።

«ይህች ነጥብ ሞሐሙድ ራስ ውስጥ አይደለችም» አለች። «ካሴቴ ውስጥ ነው ያለችው።»

ካሴቱን ይዛ ወደ ጨለማ ክፍል ገባች፤ መብራት አብርታ ከፈተችው። ራጅ ሲመታው የሚያበራው፣ ፊልሙን የሚስልላት ነጭ ሰሌዳ ላይ፣ ከጣራው የረገፈ የቀለም ቅርፊት ተለጥፏል። የጤፍ ቅንጣት አያህልም። ያረፈባትን ቦታ ከሰሌዳው ብርሃን ስለሚጋርድ እዚያ ላይ ፊልሙ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሰርካዲስ ካሴቱን እንደያዘች ቆመች። ያንን ሰው፣ ያን የሚያዳምጥ ጭንቅላት፣ በማይመለከተው ጎኑ ሊበሱት ነበር፤ ያውም «ደሙ በቀኝ ነው» ብላ በእርግጠኝነት የተናገረችው እሷ ናት።

ስትወጣ ተግሣጽ ጠብቃ ነበር። ዶክተር ማዘንጊያ በወንበር ተቀምጠው እጅጌያቸውን እየጠቀለሉ ነው።

«እኔም አምኛት ነበር» አሉ። «አሁን ምን ያስፈልግዎታል?»

ሰርካዲስ በሥራ ዘመኗ «ቶሎ በይ» የሚላት ሐኪም ብዙ አይታለች። ይህን ጥያቄ ግን ሰምታ አታውቅም። ትንሽ አሰበችና ጉዳዩን ከሥሩ ያዘች። ካሴቱን ማጽዳት ቀላል ነው። ችግሩ ፊልሟ ግራጫ መውጣቱ ነው። እውነተኛዋ እጢ ከቀለም ቅርፊቷ በጣም የደበዘዘች ናት፤ ብትኖርም በዚህ ግራጫ ውስጥ ሰምጣ ትቀራለች። ስለዚህ ፊልሙ ለምን ግራጫ እንደሚሆን ማወቅ አለባት።

በመጀመሪያ ጨለማ ክፍሉን ጠረጠረች። ገብታ በሩን ዘጋች፣ ቀይዋንም መብራት አጠፋች፤ ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ላቡ በጀርባዋ እየወረደ ቆመች። ቆይታ ከጣራው ላይ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን አየች። ቀለሙ የረገፈበት ሚስማር ላልቶ ኖሯል። በጥቁር ጨርቅ ወተፈችው። ቀጥላ ጣቷን ዴቨሎፐር በሚሉት ፊልሙን በሚያወጣው መድኃኒት ውስጥ ነከረች። ለብ ያለ ሻይ ይመስላል፤ በዚህ ሙቀት ፊልሙን ይቀቅለዋል እንጂ አያወጣውም። በመጨረሻ ቧንቧውን ከፈተች። በዚያ ሳምንት ከላይ ዘንቦ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ስለነበረ የቧንቧው ውሃ ደፍርሷል። መድኃኒቱን የበጠበጠችው በዚያ ውሃ ነው።

ወጥታ ለዶክተሩ ነገረቻቸው። «አንድ ያልተከፈተ የመድኃኒት እሽግ አስቀምጫለሁ። ላብራቶሪ ማቀዝቀዣ ውስጥም ሙቀት ያልነካቸው ጥቂት ፊልሞች አሉኝ። የሌለኝ በረዶና የተጣራ ውሃ ነው። የተጣራ ውሃ ማለቴ ባትሪ ውስጥ እንደሚጨምሩት።»

ቱሪያ በር ላይ ሆና ትሰማ ነበር። «የባትሪ ውሃ?» አለች። «አቦ፣ እሱማ ዐብዱላሂ ዘንድ አለ።»

ዐብዱላሂ መጋላ ሰፈር ውስጥ ባትሪ የሚሞላ፣ የሞሐሙድ የልጅነት ጓደኛ ነው። ውሃውን ራሱ በበርሜልና በመዳብ ቱቦ እያፈላ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዘ ያጣራል። ቱሪያ በመጣችበት ጋሪ ተመልሳ ሄደች። ከቀትር በፊት የዐብዱላሂ አሮጌ ጭነት መኪና እያስነጠሰ ግቢ ገባ። ሁለት ጀሪካን እንደ ብርጭቆ የጠራ ውሃ፣ በሰጋቱራ ተከቦ በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ፣ ከኋላው ደግሞ ቱሪያ ጆንያው ላይ ተቀምጣ። በረዶውን የቀፊራ ሰው ነው የሰጣት። የሞሐሙድ ነው ስትል አንዱ ግማሽ ብሎክ፣ ሌላው ከለስላሳ ሳጥኑ ሥር የቀረውን ስባሪ አውጥቶ ሰጥቷታል። ሸሚዟ በበረዶ ውሃ ርሷል። «ፀሐይ እንዳትወስደው ብዬ ተኛሁበት» አለች።

ሰርካዲስ ገንዳዎቹን አጠበች። አዲሱን መድኃኒት በዐብዱላሂ ውሃ በጠበጠች። በረዶውን ውስጡ አልጨመረችም፤ ከገንዳው ዙሪያ ደረደረችው፣ መድኃኒቱ እንዳይቀጥን። ቴርሞሜትሩ ቀስ እያለ ሲወርድ እያየች ካሴቶቹን አንድ በአንድ ከፍታ በለስላሳ ጨርቅና በአልኮል ጠረገች። ዶክተር ማዘንጊያም ከጎኗ ተቀምጠው፣ የጠረገችውን ካሴት ወደ መስኮቱ አዘንብለው በማጉያ መነጽር እየመረመሩ፣ «እዚህ ጥግ ላይ አንድ ፀጉር አለች» ይሏታል። ቀዶ ጥገና የሚጠብቀው ሐኪም እንደዚህ ተጎንብሶ አቧራ ሲለቅም አይታ አታውቅም ነበር። በነገሩ ገርሟት አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው አላዩአትም።

የቀረው ራሱ ሞሐሙድ ነው። ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዞር ካለ መሐሉ መሐል አይሆንም፤ እጢዋ ባትገፋም የተገፋች ትመስላለች። ሰርካዲስ ከጣራው ላይ ቱንቢ አወረደች፤ የግንበኞቹ ዓይነት፣ እርሳስ የታሰረበት ክር። ክሩን በአፍንጫውና በአገጩ መሐል አሳልፋ ራሱን አስተካከለች፤ በሁለቱም ጎን የአሸዋ ከረጢት ደገፈች፤ ግንባሩን በጨርቅ አሰረች። ግን መሣሪያው መጮህ ሲጀምር ሞሐሙድ ይቃዣል፤ እንደሚተናነቅ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ሁለት ጊዜ ለማንሳት ተዘጋጅታ ሁለት ጊዜ እጇን ከማብሪያው አነሳች።

«ራሱን ልያዝለት?» አለ ዐብዱላሂ።

«ቢይዙትም ትንፋሹን ማስቆም አይቻልም፤ ማስተኛ መድኃኒት ብሰጠው ደግሞ ላይነቃ ይችላል» አሉ ዶክተሩ።

ቱሪያ ባሏን ቁልቁል እያየች ነበር። «ይህ ሰው ፀጥ የሚለው ሞተር ሲሰማ ብቻ ነው» አለች። «ቤት ውስጥ ልጆች ሲያለቅሱ አይሰማም። መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ ግን ጉርሻውን በአፉ ይዞ ይቆማል።»

ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። ዶክተር ማዘንጊያ አልሳቁም። «መኪናው እንዳያናውጠን ከግቢው በር ውጭ ይቁም» አሉ ዐብዱላሂን። «ያስነሱትና ሳይነዱ ይተዉት።»

ዐብዱላሂ ሮጦ ወጣ። ቱሪያ ወደ ባሏ ጆሮ ጎንበስ አለች፤ በኦሮምኛ አንድ ነገር ነገረችውና ከክፍሉ ወጣች። ሰርካዲስ ከግርዶሹ ጀርባ ሆና በትንሿ መስታወት ታያለች። ከውጭ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ተነሳ፤ ተንገጫግጮ ረጋ። ትንሽ ጊዜ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ የሞሐሙድ ጣቶች መነካካታቸውን አቆሙ። ቅንድቡ ሰበር አለ። ደረቱ ወጣና እዚያው ቆመ፤ እስትንፋሱን ያዘ። መላ አካሉ ጆሮ ሆነ።

ሰርካዲስ ማብሪያውን ተጫነች።

መሣሪያው ጮኾ ዝም ሲል ሞሐሙድ ትንፋሹን ለቀቀ። ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በወፈረ ምላስ፣ «ሦስተኛዋ ሲሊንደር… አትሠራም» አለ።

ዐብዱላሂ በኋላ ሲነግሩት በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። እውነት ነበር፤ እሱ ሲፈልገው የከረመውን ብልሽት ነው ሰውየው ከሞት አፋፍ ላይ ሆኖ የነገረው።

ጨለማ ክፍሉ ውስጥ በቀይዋ መብራት ሰርካዲስ ፊልሙን ቀዝቃዛው መድኃኒት ውስጥ አጠለቀችው። ቀስ እያለ፣ ከነጭ ወረቀት ውስጥ እንደሚወጣ ሰው፣ የሞሐሙድ ራስ መጣ። ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ ነው። እንዲህ ያለ ፊልም ከጦርነቱ ወዲህ አላወጣችም። የአጥንቱ ስፌት እንኳ እንደ ጥልፍ ይቆጠራል። መሐሉ ላይ ዓይኗን አሳረፈች። አንዲት ደብዘዝ ያለች፣ ጠርዟ ለስላሳ፣ እንደ ተፈጨ ጨው ትንሽ የተበታተነች ነጥብ አለች። ከመሐል ወደ ቀኝ ሸሽታለች። የእርሳሱ ፊደል በግራ በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ወጥታ ሰቀለችው። ዶክተር ማዘንጊያ ተነሱ። ምን እንዳዩ ከፊታቸው ታወቃት፤ ግን እጃቸውን ኋላ አድርገው፣ «እርስዎ ይንገሩኝ» አሉ።

«አልነግርዎትም» አለች ሰርካዲስ። «አንድ ጊዜ ነግሬዎት ነበር። መጀመሪያ በሌላ ካሴት፣ ራሱን አንድ ጣት ያህል ከቦታው ፈቀቅ አድርጌ ላንሳው። ነጥቧ ከራሱ ጋር ከሄደች የእሱ ናት። ካልሄደች የእኔ ናት።»

ነርሷ በር ላይ ሆና በትዕግሥት ማጣት ተነፈሰች። የቀዶ ጥገናው ክፍል ከተዘጋጀ ቆይቷል፤ በሽተኛው እየደከመ ነው። ዶክተር ማዘንጊያ ነርሷን ሳይሆን ሞሐሙድን አዩ፤ የደም ሥሩን ይዘው ቆጠሩ። «ጊዜ አለን» አሉ። «ያንሱት።»

ዐብዱላሂ መኪናውን ዳግመኛ አስነሳ። ሞሐሙድ ዳግመኛ አዳመጠ። ሁለተኛው ፊልም ወጣ። ሰርካዲስ ሁለቱን እንደ ጠዋቱ ደረበቻቸው። በዚህ ጊዜ ነጥቦቹ አልገጠሙም። የራስ ቅሎቹን አስተካክላ ስትገጥማቸው ግን ነጥቦቹም ገጠሙ፤ ከመሐል ወደ ቀኝ፣ እዚያው።

«ወደ ቀኝ ተገፍታለች» አለች። «ደሙ በግራ ነው።»

«በግራ ነው» አሉ ዶክተር ማዘንጊያ። እጃቸውን ለመታጠብ ሄዱ።

ሰርካዲስ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ነርሷ በበሩ መስታወት በኩል ቦታ ለቀቀችላት። ዶክተሩ ከግራ ጆሮው በላይ ቆዳውን ሰነጠቁ፤ በእጅ የሚዞረውን መሰርሰሪያ አንስተው፣ አናጢ ውድ እንጨት ሲበሳ እንደሚያደርገው፣ ሳይቸኩሉ አዞሩት። አጥንቱ ሲበሳ ቆሙ። ከሥሩ ያለውን ሽፋን በትንሽ ምላጭ ነካ አደረጉት። ጥቁር ቡናማ ፈሳሽ ገንፍሎ ወጣ፣ በጓንታቸው ላይ ወረደ፣ እስኪቀጥን ፈሰሰ። ዶክተሩ ቀና ብለው መስታወቱን አዩ። ጭንብል ስላደረጉ ፈገግታቸው አልታየም፤ ዓይናቸው ግን ሰርካዲስን ፈልጎ አገኛት፤ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት።

ቱሪያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከዐብዱላሂ ጋር ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር። ሰርካዲስ ራሷ ሄዳ ነገረቻት። «ወጥቷል። እንደ ተቃጠለ የሞተር ዘይት ያለ ነገር ነው ከራሱ የወጣው።»

ቱሪያ ከአግዳሚው ተነሳች። «ዘይት ነው የቀየራችሁለት በይኛ» አለች፣ እንባዋም ሳቋም አንድ ላይ መጣ። «አልሐምዱሊላህ።»

ሞሐሙድ በማግስቱ የሚስቱን ስም ጠራ። በሳምንቱ ሾርባው ጨው እንደሌለው ተናገረ። ከዚያ ወዲያ ነርሶቹ ዝም ማሰኘት አቃታቸው፤ የክፍሉን ማራገቢያ ሰምቶ ኩሽኔታው አልቋል እያለ ያስቸግራቸው ጀመር።

የጋራዡ ሊቀመንበር የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ዶክተር ማዘንጊያ የጻፉት የሕክምና ማስረጃ ደርሶት ነበር። ግን ወረቀት ብቻ አልበቃውም መሰል፣ ካኪ ኮቱን እንደቆለፈ ራጅ ክፍል በር ላይ ቆመና፣ «ጓድ፣ ፊልሙን ማየት እችላለሁ?» አለ። ሰርካዲስ ሰቀለችለት። ነጥቧን በእርሳስ ጫፍ አሳየችው፣ መሐሉንም፣ ምን ያህል እንደሸሸችም። ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞ አየ። ቆይቶ፣ «ይህን ሁሉ ይዞ ነው እንግዲህ ሥራ ይመጣ የነበረው» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስቶ ክሱን ራሱ እንደሰረዘው ቱሪያ ነገረቻት፤ በዚያ ዘመን ሰው ፊት የተናገሩትን ሰው ፊት መመለስ ቀላል አልነበረም።

ሰርካዲስን ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቃትም። ሞሐሙድ ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን፣ ዶክተር ማዘንጊያ የሌላ ሰው የእግር ስብራት ሊያዩ ሲመጡ ጠየቀቻቸው።

«ያን ቀን የመጀመሪያውን ፊልም ለምን አስመጡኝ? ሁለተኛው ላይ ነጥቧ ቁልጭ ብላ ታይ ነበር።»

ዶክተሩ ስብራቱን እያዩ አሰቡ። «ወደ ራጅ ክፍል ከመምጣቴ በፊት ደሙ በቀኝ ይሆናል ብዬ ገምቼ ነበር» አሉ። «ነጥቧ ደግሞ የገመትኩትን ነገረችኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ እፈራለሁ፣ ወይዘሮ ሰርካዲስ። ያን ጊዜ የማልፈልገውን ነገር ፈልጌ አያለሁ።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «እኔ ግን የጠረጠርኩት አንድ ጊዜ ነው። እርስዎ ትክክለኛዋን ከያዙ በኋላ እንኳ እንደገና ጠረጠሩ። ነርሷ ስትተነፍስ እኔ ልቸኩል ምንም አልቀረኝም ነበር።»

ሰርካዲስን ሙያዋን ከጀመረች ወዲህ «እጅሽ ቀና ነው» ያላት ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ግን የነገራት የለም፤ ያውም እሳቸውን የመሰለ ሰው። የእግሩን ፊልም ከመብራቱ ላይ አወረደች።

ዶክተር ማዘንጊያ ድሬዳዋ ውስጥ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ሠርተው ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወሩ። ሰርካዲስ ጡረታ እስክትወጣ እዚያው ቆየች። አዲስ ባለሙያ ሲመደብላት ካሴት አጠራረግ በማሳየት ትጀምርና፣ «አቧራ ለቅሞ የማይሰለች አንድ ቀዶ ሐኪም አውቅ ነበር» ትላለች፤ ስለ ራሷ ግን አትነግራቸውም።